በወረቀት ሸክላ ጀበና ይሠራል ወይ?

ሰሞኑን ሸክላ የሚማሩ ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ይሄ ፔፐር ክሌይ የሚሉት ለጌጥ ብቻ ነው ወይስ ይበላበታል?» አንዷማ ጭራሽ «ወረቀቱ ቡናው ውስጥ አይገባም ወይ?» አለችኝ። አይገባም። ኪልን ማለትም የሸክላ ማቃጠያው ምድጃ ውስጥ ገና እቃው ሳይግል ተቃጥሎ ያልቃል። ዋናው ጥያቄ ግን በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ላስቀምጠውና ለሚቀጥለው ጠያቂ «ሂድና አንብብ» ልበል።

የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፣ የምኖረው ሲያትል ነው። ከሥራ ስወጣ የጋራ የሸክላ ስቱዲዮ አለ፣ እዚያ እገባለሁ። ጀበና፣ ስኒ፣ ሳሕን፣ አንዳንዴም ትልልቅ ትሪ እሠራለሁ። የሥራ ጠባይ ሆኖብኝ ሳልመዝን አላምንም። ባለቤቴ «አንቺ እኮ በርበሬም በሚዛን ነው የምትጨምሪው» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሸክላ ላይ ግን ሚዛኔ ብዙ ክርክር ገላግሎኛል።

ለማያውቀው ሰው፣ የወረቀት ሸክላ ማለት ተራ ሸክላ ላይ በውሃ የተፈታ ወረቀት ሲጨመርበት ነው። እኔ የምጠቀመው ርካሹን ሶፍት ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክረውና ድሪል ላይ በሚገጠም ማማሰያ ብትንትኑን አወጣዋለሁ። ውሃውን በወንፊት አጠልላለሁ። ከዚያ እንደ ወፍራም አጥሚት ከተበጠበጠ ሸክላ ጋር አዋህደዋለሁ፤ ሦስት እጅ ሸክላ፣ አንድ እጅ የተጨመቀ ወረቀት። የሚለካው በክብደት ሳይሆን በስፍር ነው። ጄሶ ላይ አፈስሰዋለሁ፤ ጄሶው ውሃውን ሲመጥለት ይቦካል። በቃ። ተዘጋጅቶ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥም አለ፤ ዋጋው ግን ከተራው ይከብዳል፣ ሶፍት ደግሞ ሁሉም ቤት አለ።

የቢሮ ወረቀትና የመጽሔት ወረቀትም ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ አልወድም። እነዚህ ወረቀቶች እንዲነጡና እንዲለሰልሱ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም ነጭ ሸክላ ይገባባቸዋል። ካልሲየሙ ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት ላይ ሸክላው ቶሎ እንዲቀልጥ ይገፋፋዋል። ምን ያህል እንደገባ ሳታውቁ ለጌጥ ሐውልት ቢሆን ግድ የለም። ለምትበሉበት ሳሕን ግን ውስጡ ያለውን ማወቅ ይሻላል።

ሀሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከርሞ ይለሰናል። ጭዱ ባይኖር ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሸክላ ውስጥ ገለባና ሣር መጨመርም በብዙ አገር ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። ወረቀቱ በየስቱዲዮው የተስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። አሜሪካዊቷ ሮዜት ጎልትና አውስትራሊያ ፐርዝ ያለው ግራሃም ሄይ በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሳል።

ከጭቃ ቤቱ ጋር ግን አንድ ልዩነት አለው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ጭድ ቤቱ እስኪፈርስ ጭቃውን እንደያዘ ይኖራል። ወረቀቱ የሚያገለግለው እቃው እሳት እስኪገባ ብቻ ነው። ከዚያ ይሄዳል። የሚቀረው ባዶ ቦታው ነው፤ ዓይን የማያየው ቀጭን ቀዳዳ። ይበላበታል፣ አይበላበትም የሚለው ጭቅጭቅ በሙሉ ስለዚህ ቀዳዳ ነው።

ከእሳት በፊት ያለውን ጥቅሙን ማንም አይክደውም። ጀበና የሠራ ሰው ይገባዋል። ሆዱን ለብቻ፣ አንገቱን ለብቻ፣ እጀታውን ለብቻ ትሠራላችሁ። በተራ ሸክላ ሦስቱም እኩል እርጥበት ላይ እያሉ መገናኘት አለባቸው። ሆዱ ከቀደመ አንገቱ በኋላ ሲደርቅ ይሸሸዋል። በነጋታው ስትመጡ መጋጠሚያው ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ያን ለመከላከል በላስቲክ መሸፈን፣ ማታ መጥቶ ማየት፣ እንደገና መሸፈን ነው። ሥራና ልጅ ያለው ሰው ይሄን ሁሉ ከየት አምጥቶ ይችላል?

በወረቀት ሸክላ ሆዱ ጨርሶ ይድረቅ። ሳምንትም ይቀመጥ። ዛሬ የሠራሁትን እርጥብ አንገት እገጥምበታለሁ። መጀመሪያ የደረቀውን ከንፈር በውሃ አስነካዋለሁ። ውሃው አይንጠባጠብም፤ እዚያው ይሰርግና ቦታው ይጠቁራል። ከዚያ የወረቀቱን ስሊፕ፣ ማለትም በውሃ የቀጠነ የወረቀት ሸክላ፣ በብሩሽ እቀባለሁ። ለቅጽበት ያብረቀርቃል፣ ወዲያው ደግሞ ማብረቅረቁ ድርግም ይላል። ደረቁ ሸክላ ውሃውን ሲስብ ስሊፑንም አብሮ ስቦታል ማለት ነው። ያኔ ደግሜ እቀባና አንገቱን አስቀምጬ፣ ትንሽ ግራና ቀኝ እያልኩ እጫነዋለሁ። ሲደርቅ በአንገቱ አንጠልጥላችሁ ብታነሱት ሆዱን ይዞ ይነሳል። ምስጢሩ ቃጫው ነው። የወረቀት ቃጫ ውስጡ ክፍት ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሁለቱም ወገን እየተጠላለፈ መጋጠሚያውን ይሰፋዋል።

ያልተቃጠለ ተራ ሸክላ ትንሽ ነገር ሲነካው ይሸረፋል። ይሄኛው ይችላል፤ መኪና ኋላ ላይ ጭኜ ቤትና ስቱዲዮ አመላልሼዋለሁ። ቢሰነጠቅም ደርቆ እያለ ስንጥቁን በስሊፕ ሞልቶ መጠገን ይቻላል። ቀራፂዎች የሚያብዱለት ወደው አይደለም።

ዊል በሚባለው የሸክላ መሥሪያ ተሽከርካሪ ላይ ግን ብዙም ደስ አይልም። ወረቀቱ ከበዛ እጅ ሥር ይጎረብጣል። እቃውን ከዊሉ ስትቆርጡት ሽቦው ቃጫ ይዞ ይጎትታል። ሥሩን በመላጊያ ስትልጉት ንጹሕ አድርጎ አይላጭም፣ ይበጣጠሳል። በእርጥብ ስፖንጅ ስትጠርጉት ደግሞ ሸክላው ታጥቦ ይሄድና ቃጫው ይቆማል፤ ከእሳት በኋላ ያ ቦታ ሻካራ ነው። መፍትሔው አገር ቤት አለ። ሸክላ ሠሪ እናቶች እቃው ሊደርቅ ሲል በለስላሳ ጠጠር ያሹታል፣ እስኪያብረቀርቅ። እኔ የማንኪያ ጀርባ እጠቀማለሁ። በተለይ ጠርዙን ደህና አድርጌ አሸዋለሁ፤ ከንፈር የሚያርፈው እዚያ ነዋ።

አሁን ወደ እሳቱ። ወረቀቱ ከ200 ዲግሪ አለፍ ሲል ማረር ይጀምራል፤ 500 አካባቢ ሲደርስ አልቆለታል። በዚያ ሰዓት ኪልኑ ይጨሳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አየር ማስወጫ የሌለው ጋራዥ ውስጥ እንዳትሞክሩት። የመጀመሪያው እሳት 1000 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል። የሚወጣው እቃ ሲያነሱት ቀላል ነው፣ ውሃ ግን አይጠግብም። ግሌዝ ውስጥ፣ ማለትም ሲቃጠል እንደ መስታወት በሚሆነው ቅብ ውስጥ፣ ስትነክሩትም እንደዚያው ነው፤ ከሚገባው በላይ ይስብና ይወፍርበታል። ቶሎ አስገብቶ ቶሎ ማውጣት ነው።

ዳኛው ሁለተኛው እሳት ነው። ስቶንዌር የሚባለው በከፍተኛ ሙቀት የሚጠጥር ሸክላ 1220 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም ሸክላ ሠሪው ኮን 6 በሚለው ላይ፣ ውስጡ ያለው ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ይቀልጥና ክፍተቱን እየሞላ ሸክላውን ያጣብቀዋል። ወረቀቱ የተወው ቀዳዳም የተወሰነው አብሮ ይዘጋል። ሁሉም ግን አይዘጋም። ምን ያህሉ እንደቀረ በዓይን አታውቁትም። ከላይ ግሌዙ ያብረቀርቃል፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ውስጡን ማን ያየዋል?

ስለዚህ እመዝናለሁ። ከእቃው ጋር ከዚያው ሸክላ አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ ግሌዝ ሳልቀባ አቃጥላለሁ። ሲወጣ ደረቁን እመዝናለሁ። ድስት ውስጥ ለሰዓታት አፈላውና እዚያው ውሃው ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ላዩን በጨርቅ ጠርጌ እንደገና እመዝናለሁ። 100 ግራም የነበረው 103 ከሆነ 3 በመቶ ጠጥቷል። ለሚበላበት ስቶንዌር እኔ ከ2 በመቶ በላይ ሲሆን ፊቴ ይቀየራል። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፣ ግን ግራምን ከነነጥቡ የሚያሳይ ይሁን።

ከአንድ ከረጢት ሸክላ ግማሹን ወረቀት አስገብቼ፣ ግማሹን እንዳለ ትቼ፣ በአንድ እሳት ሳወጣቸው የወረቀቱ ነው አብልጦ የሚጠጣው። ወረቀቱን ከሩብ ወደ አንድ አስረኛ ዝቅ ሳደርገው ልዩነቱ ጠበበ። ፖርስሊን በሚባለው ነጭ ደቃቅ ሸክላ ላይ ደግሞ ይበልጥ ጠበበ፣ ምክንያቱም ፖርስሊን ከስቶንዌር አብዝቶ ይቀልጣል። 1000 ዲግሪ ላይ ያቆምኩት ደግሞ ወረቀት ኖረው አልኖረው ውሃ ጠጪ ነው፤ ወረቀቱ ባሰበት እንጂ።

«ግሌዝ እኮ ይሸፍነዋል» የሚል አይጠፋም። ይረዳል፣ እውነት ነው። ግን መቀመጫው ሥር ግሌዝ አይቀባም፤ ከተቀባ ከኪልኑ መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል። ውሃ በዚያ ይገባል። ግሌዙ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ካሉም በእነሱ ይገባል። እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ውሃ የጠጣ ሳሕን ማይክሮዌቭ ሲገባ ውስጡ የቀረው ውሃ ይግላል፤ ወጡ ገና ለብ ሳይል ሳሕኑ እጅ ይፈጃል። እንዲህ ያለ ሳሕን ለእንግዳ አይቀርብም።

ውሃ መጠጣት ሁልጊዜ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው። ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንስራን ግሌዝ ብትቀቡት ባልዲ አደረጋችሁት።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ፣ ጎንደር ያደጉ። አንድ ቀን ቤት መጡና ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሁለት ጀበናዎች አነሱ። አንዱ ከወረቀት፣ አንዱ ከተራው ሸክላ።

«ልጄ፣ ይሄ ምነው ቀለለ?»

«እማማ፣ ወረቀት ስለገባበት ነው።»

ሁለቱንም በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉ። ጆሯቸውን አስጠጉ። «ይሄኛው ይናገራል። ያኛው ታፍኗል» አሉ። የታፈነው የወረቀቱ ነበር። ልክ ናቸው፤ ጠጥሮ ያልተጣበቀ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ አይሰጥም። ይሰነጠቅ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ጊዜ «ወረቀትስ ይሁን። ውሃ ሞልተሽ አሳድሪውና ላቡን እዪ። ካላበው የውሃ አድርጊው፣ ካላላበው የቡና ይሁን» አሉኝ። የእኔ ሚዛን ከነማፍላቱ ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ነገር በአንድ አፍ ጨረሱት። ሚዛን የሌላችሁ የእሳቸውን ያዙ። ሥሩ ጋዜጣ አንጥፉበት፤ ጠዋት ጋዜጣው ከረጠበ መልሱ እዚያው ነው።

ጀበና ላይ ግን ሌላም ጣጣ አለ፣ ብዙ ሰው የሚስተው። አገር ቤት ያለው ጀበና ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የተቃጠለ ነው። ሙቀቱ ከስቶንዌር በብዙ ያንሳል። ግሌዝ የለውም፣ ሸክላው ክፍት ነው። ክፍት ስለሆነም ከሰል ላይ ሲጣድ አንዱ ጎኑ ግሎ ሌላው ቢቀዘቅዝ ይችለዋል። ኮን 6 ያደረስኩት ስቶንዌር ውሃ አይጠጣም፤ እሳት ላይ ከጣዳችሁት ግን ኳ ብሎ ይሰነጠቃል። ውሃ እንዳይጠጣ ያደረገው መጠጠሩ ነው፣ እሳት እንዳይችል ያደረገውም ያው መጠጠሩ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ወረቀት ጨመራችሁም አልጨመራችሁም ከዚህ ምርጫ አታመልጡም።

እኔ ሁለት ዓይነት ነው የምሠራው። አንዱ የማቅረቢያ ጀበና ነው። ከስቶንዌር የተሠራ፣ ወረቀቱ ጥቂት፣ ውስጡ ግሌዝ የተቀባ። እሳት አያይም። ቡናው በብረት ማንቆርቆሪያ ይፈላና ጀበናው በሙቅ ውሃ ተለቃልቆ ይገለበጥበታል። አክራሪ ቡና ጠጪዎች ይሄን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። አልፈርድባቸውም። ግን እቃው ቀላል ስለሆነ ሞልቶ ከፍ አድርጎ ለመቅዳት ክንድ አያደክምም፤ እናቴ ለእጇ ተመችቷታል።

ሌላው እሳት የሚያየው ነው። ወረቀት አለው፣ 1000 ዲግሪ ላይ ይቆማል፣ ግሌዝ የለውም፣ በማንኪያ ጀርባ ታሽቷል። ይሄኛው ሳይሟሽ አይነካም። ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው ጀበናውን በቡና አተላ ደጋግሜ በቀስታ አፈላበታለሁ። ቅባቱና ደቃቁ ቀዳዳው ውስጥ እየገባ ይደፍነዋል። መጀመሪያ ላይ ሥሩ ያልበዋል፣ እየዋለ እያደረ ይተዋል። የማጠበው በውሃ ብቻ ነው፣ ሳሙና አላስነካውም፤ ቀዳዳው ሳሙናውንም ይጠጣላ። የምጣደው በትንሽ እሳት ነው፣ የብረት ሳህን ከሥር አድርጌ። እስካሁን በደንብ ያፈላልኛል። ለሰው ግን አልሸጠውም። ገዢው ዘንድ ሄዶ በአንድ ጊዜ እሳቱ ቢለቀቅበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ ቀዳዳው እሳት እንዲችል ቢረዳውም ጉልበቱን ቀንሶበታል።

የሽሮ ድስት የሚጠይቁኝም አሉ። መልሱ ከጀበናው ጋር አንድ ነው፣ ለዚያውም ድስት ይማሰላል። ማንኪያው ጠርዙን ሲመታው ይውላል። ለእሱ የተፈጨ ገል የገባበት ተራ ሸክላ ይሻለዋል።

ስኒ ላይ ደግሞ አልደራደርም። በወረቀት አልሠራም። ስኒ ትንሽ ነው፣ መጋጠሚያ የሚባል ችግር የለበትም፣ ቶሎ ይደርቃል። ወረቀቱ የሚፈታለት ነገር ሳይኖር ቀዳዳውን ለምን ይሸከማል? ጠርዙ ስስ ነው፣ ሲንክ ውስጥ ከጓደኛው ጋር ይጋጫል፣ የወረቀት ሸክላ ደግሞ ስስ ጠርዝ ላይ ቶሎ ይሸረፋል። የተሸረፈ ስኒ ለሰው አይሰጥም።

በተቃራኒው ትልቅ ትሪ ስጡኝ። ድፎ ዳቦ የሚቀመጥበት፣ ሰፊ፣ ሳሳ ያለ። በተራ ሸክላ እንዲህ ያለው ነገር ሲደርቅ ጠርዙ ይነሳል፣ መሐሉ ይሰነጠቃል። በወረቀት ሸክላ በጣም ይሻላል፤ ስትሸከሙትም ወገብ አይቆርጥም። ዳቦ ውሃ አይደለም፤ ትሪው ሁለት ሦስት በመቶ ቢጠጣ ማንንም አይጎዳም። ላዩን ለምግብ የሚሆን ግሌዝ ቀብቶ በእጅ ማጠብ ነው። ለምግብ የሚያሰጋው ወረቀቱ ሳይሆን የማይታወቅ ግሌዝ ነው፣ በተለይ እርሳስ ያለበት።

እውነቱን ለመናገር ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉ እቃ ከወረቀት አልሠራም። ሆዱንም አንገቱንም ከተራው ሸክላ ሠርቼ ትንሽ እርጥበት እያላቸው መጋጠሚያውን ብቻ በወረቀት ስሊፕ እለጥፋለሁ። ስሊፑ ከዚያው ከሸክላው የተሠራ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ሲደርቁም ሲቃጠሉም እኩል አይቀንሱም። እንዲህ ሲሆን ቀዳዳ ያለው አንድ ቀጭን ቀለበት ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው ጠንካራ ነው። ለሚጠጣበት እቃ የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። አንድ ማሰሮ ስሊፕ ደግሞ ለብዙ ጀበና ይበቃል።

ማሰሮውን ግን አትርሱት። ወረቀት እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይሻግታል። ክዳኑን ስትከፍቱ የሚወጣው ሽታ ጎረቤት ይጠራል። ጠብታ በረኪና ይረዳል፣ ለጥቂት ጊዜ። የሚሻለው የተረፈውን ጄሶ ላይ በስሱ አፍስሶ ማድረቅና ሲፈለግ እንደገና በውሃ መፍታት ነው፤ ከነቃጫው ይመለሳል። አስም ያለበት ሰው ካለ የሻገተውን ባይነካ ጥሩ ነው። ሲንክ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አትድፉት። ሸክላና ወረቀት ቧንቧ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬያችኋለሁ፦ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ አይሰነጠቅም።

በጋራ ስቱዲዮ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ኃላፊውን ጠይቁ። በጭሱ ምክንያት የማይፈቅዱ ብዙ ናቸው። ከጭሱ በላይ የሚያጣላው ግን ትርፍ ሸክላ የሚጠራቀምበት ባልዲ ነው። ትንሽ ወረቀት እዚያ ከገባ፣ በነጋታው ዊል ላይ የተቀመጠው ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ሲራገም ይውላል። እኔ የራሴ ባልዲ አለኝ። «ወረቀት አለበት» ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በትልቁ ጽፌበታለሁ።